የጥፍር ያህል

እሾህ አልወጋኝም፣ ብረት አልነካኝም፣
ከአውድማ ተነስቶ ገለባ አላገኘኝም፤
የአራት ወር ልጄ ናት፣ ማስተዋል የምንላት፣
ጎህ ሳይቀድ እጇ ነቅቶ እሷን ያልቀሰቀሳት፣
ጢሜን ስትፈልግ በጨለማ ዳብሳ
ዓይኔ ላይ ያረፈች መንገዷን ረስታ።

ቤቴ ውስጥ ግን አለ አምስት ዓይነት መቀስ፣
ካፖርት የሚከፍል፣ ክር የሚቀነጥስ፤
አማቴ ናቸው እንጂ፦ «ልጅ ዓመት ሳይሞላት
በብረት አትነካም፣ በጥርስ ቁረጡላት።»
የውብዳር ነገ ስትል፣ እኔም ነገ ስል
ያ ጥፍር አደገ፣
የሽንኩርት ልጣጭ አክሎ፣ የጨረቃ ስባሪ መስሎ፣
በኔ ዓይን ተለካ።

መጀመሪያ መብረቅ።
ከዚያ እንባ፣ እንባ ብቻ።
ዓይኔን ብከድን አሸዋ፣ ብገልጥ እሳት፤
በቆርቆሮው ሽንቁር የሾለከች ጮራ
እንደ ወስፌ ገባች እስከ ማጅራቴ።
የውብዳር ነቃችና ሳለቅስ አየችኝ፦
«ምን ዓይነት ሕልም ነው?» ብላ ጠየቀችኝ።

ሰፈሩ ሰማና፣ እትዬ ጠጅቱ
ደርሰው አዘዙልኝ ከደጅ ሳይገቡ፦
«የእመጫት ጡት እያለ ሐኪም ምን ያደርጋል?
ሁለት ጠብ አርጉበት፣ በነጋው ይሽራል!»
ሌላው፦ «በምላስ ነው፣ እኔ እልስለታለሁ።»
«ዓይኔ ማር አይደለም!» ብዬ ጮህኩ፣ ሸሸሁ።
ከሁሉም የባሰው የገዛ ጣቴ ነው፣
«ልሸው፣ አንዴ ብቻ» እያለ የሚለምነው።

በምንይችል ባጃጅ፣ ነጠላ ተከናንቤ፣
እንደ ሙሽራ ሄድኩ ወደ ሞጣ ሆስፒታል፣
ደንጊያ በነካን ቁጥር እየተሳደብኩ።

ሲስተር ዝማም አንዲት ጠብታ ጣል አደረገችብኝ፤
ሕመሜ እንደ ሻማ እፍ ተብሎ ጠፋ።
«ይህችን ብልቃጥ ስጪኝ፣ የጠየቅሽኝን ልክፈል!»
«አይሆንም» አለችኝ፣ «ማደንዘዣ እኮ ነው፤
ሕመሙን ይሰርቃል፣ ቁስሉን ግን ይተዋል፤
ቤት ይዘውት ቢሄዱ ዓይንዎን ይበላል።»
ከዚያ ብርቱካንማ ወረቀት አስነካች፣
ሰማያዊ መብራት አብርታ ጎነበሰች።
ዝም አለች ጥቂት፣ ትንፋሿ ፊቴ ላይ።
«አረንጓዴ ክር ናት፣ ከብሌኑ በላይ።»

ክር!
ሃያ ዓመት ሙሉ በመርፌ ቀዳዳ
ክር ሳስገባ ኖሬ
በራሴ ዓይን ገባብኝ።

«ማነው የሚሰፋው?» አልኳት። ሳቀች።
«አይሰፋም። ጠርዙ ከዚህም ከዚያም ይሳሳባል፣
ያለ መርፌ፣ ያለ ክር፣ ራሱ ይገጥማል።
እርስዎ ብቻ አይሹት። ቅባቱን በቀን አራቴ።»

ሁለት ቀን መስኮት ዘግቼ። ቴትራሳይክሊኑ
ዓለሙን በቅቤ ቀባው፣ ሰው ሁሉ የጮቄ ጉም ሆነ።
የውብዳር የታችኛውን ቆብ በአውራ ጣቷ ስባ
ስትቀባኝ ትንፋሿን ትይዛለች፤ እኔም እይዛለሁ።
ደጅ ላይ ፈንታሁን ቆሟል፣ ሠርጉ እሁድ ነው፣
የኮቱ እጅጌ ገና አልገጠመም፤
«አያይም ወይ ጭራሽ?» ይላል በሹክሹክታ፣
ጆሮዬ ደህና መሆኑን ረስቶ።
ኮት ተውሶ አገባ። እስካሁን አኩርፎኛል።

በሦስተኛው ቀን ያው ሰማያዊ መብራት፤
«የለችም» አለች ሲስተር፣ «ክሯ ተመዛለች።
ጠዋት ጠዋት ብቻ ቀስ ብለው ይግለጡ።»
እውነቷን ነው፤ ስፌቱ ገና ለጋ ነው፣
ቆቡ ሌሊት ይጣበቃል፣
ቸኩዬ የገለጥኩ 'ለት ያ መብረቅ ይመለሳል።
ስለዚህ እንደ አሮጌ ሐር
እጥፋት በእጥፋት ነው ዓይኔን የምገልጠው።

የውብዳር ጥፍሯን በጥርሷ ቆርጣ
መዳፌ ላይ አኖረችው፤
ላየው ጎንበስ ስል
ትንፋሼ ወሰደው።

አሁንም ጎህ ሳይቀድ ያ እጅ ይነቃል፤
ይመጣል፣ ትራሱን፣ ጆሮዬን ይዳብሳል።
አልሸሽም። ዓይኔን እከድናለሁ፣
ጢሜን አስቀድሜ እሰጣታለሁ።